እርሳስ ነው ያልኩት

ንጹሕ ሰው ፖሊስ አይፈራም ይላሉ። ውሸት ነው። ፖሊስን ከማንም በላይ የሚፈራው ንጹሕ ሰው ነው። ጥፋተኛው ቢያንስ ቤቱ ተቀምጦ መልሱን አዘጋጅቷል፤ ምን እንደሚጠየቅ ያውቃል፣ የቱ ላይ እንደሚምል ያውቃል። ንጹሑ ባዶ እጁን ነው የሚመጣው። የባሰው ደግሞ ንጹሕ መሆኑን ስለሚያውቅ ብዙ ያወራል። እኔ ከደገሀቡር ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አንድ ኬላ አጠገብ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ያን ሁሉ ያወራሁት ንጹሕ ስለነበርኩ ነው። ሌላውን ሰው ሊያሳስር የሚችል ንጽሕና እንዳለ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ለውጡ መጣ ከተባለ ሁለተኛው ዓመት ገደማ ነበር። ያኔ ጅግጅጋ፣ አንድ ኮሌጅ ውስጥ አስተምራለሁ። በትርፍ ጊዜዬ መጣጥፍ እጽፋለሁ፤ አብዛኛው ሰው የወደደውን ነገር የሚነቅፍ ነው። ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ ስለ ሰዓት አሠራር፣ ስለ ድልድይ፣ ስለ ንብ፣ ስለ ጨው ንግድ። በከተማዋ ብዙ ዓመት ኖሬ የማውቀው ሶማልኛ ግን ቲማቲም ለመግዛትና ባጃጅ ለማስቆም ብቻ የሚበቃ ነበር። አላሳፈረኝም። ባንኩም፣ ሆቴሉም፣ ፀጉር አስተካካዩም በአማርኛ ያስተናግደኛል። የሚያስፈልገኝን ሁሉ የሚነግሩኝ ይመስለኝ ነበር።

አብዲ የሚባል ወዳጅ አለኝ። በጅግጅጋና በደገሀቡር መካከል በፒካፕ መኪናው ዕቃ ያመላልሳል። ከለውጡ በፊት በነበሩት ዓመታት አንድ ቀን ከመንገድ ላይ ተወስዶ ታስሮ ነበር። ለምን እንደታሰረ የነገረው የለም፤ ለምን እንደተፈታም እንዲሁ። ስለ እስር ቤቱ አንድም ቀን አውርቶኝ አያውቅም። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ባየ ቁጥር፣ ሰውየው ትራፊክም ይሁን የትምህርት ቤት ዘበኛ፣ አብዲ ሁለት እጁን መሪው አናት ላይ ያስቀምጣል። ማንም ሳይጠይቀው።

የአብዲ አጎት፣ አደር ኑር ይሉታል፣ ደገሀቡር ውስጥ ብር አንጥረኛ ነበር። «አደር» በእነሱ አጎት ማለት ነው፤ ዘመድ ያልሆነውም ሽማግሌ እንዲሁ ይጠራል። ሰውየው ሲሞት ሚስቱ ቤቱን ስታጸዳ፣ ጠረጴዛው ላይ በቡሎን የታሰረ ከባድ ብረት ተገኘ። ለቁርጥራጭ ብረት ገዢ ልትሰጠው ነበር። እኔ አንድ ጊዜ ከአብዲ ጋር ሄጄ አየሁትና ወደድኩት። ፎቶ አነሳሁት። ቤቴ ገብቼ ሳነብ ምን እንደሆነ አወቅኩ፤ አሮጌ የጥይት መሙያ ማሽን ነበር።

አትደንግጡ። አዳኞች የተተኮሰውን ባዶ ቀለህ አይጥሉትም፤ ወደ ቅርጹ መልሰው እንደገና ይሞሉታል። ማሽኑ ለዚያ የተሠራ ነው። ድሮ ነዳጅ ፍለጋ የመጣ አንድ ፈረንጅ አደን ይወድ ነበርና፣ ሲሄድ ከባድ ሆኖበት ለአደር ኑር ትቶለታል። አደር ኑር ጥይት ሞልቶበት አያውቅም። በጥይቱ ፎርማ ቦታ፣ እሱ ራሱ የሞረደውን የብረት ቀለበት ገጠመበት። ከዚያ በኋላ ብር እየገፋ ቱቦ ሲያወጣበት ኖረ።

የማሽኑ አሠራር ያስደስታል። አካሉ ዙሪያውን የተዘጋ፣ መሀሉ ክፍት የሆነ የብረት ክፈፍ ነው፤ እንቁላል አስቡ። አንድ ጎኑ ክፍት የሆነም ዓይነት አለ፤ እሱ ግን ሲጫኑት አፉን ይከፍታል፣ ሥራውም ይጣመማል። ከሥር ወፍራም ፒስተን ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ ጥርስ የወጣለት ቀዳዳ አለ፤ ፎርማው ተጠምዝዞ የሚገባው እዚያ ነው። እጀታውን ወደ ታች ስትስቡ መጀመሪያ ፒስተኑ ፈጥኖ ይወጣል፤ መጨረሻ ላይ እየዘገየ ይሄዳል፣ ጉልበቱ ግን እየበረታ ይመጣል። ጉልበት በሚያስፈልግበት ቦታ ጉልበት እንዲሰጥ ተደርጎ የተሠራ ነገር ነው። እንዲህ ዓይነት አስተዋይነት በሰው ላይ እንኳ እምብዛም አላየሁም።

ስለዚህ «ለመጻሕፍት መደርደሪያዬ ጌጥ ይሁነኝ» ብዬ ለመንኩ። አብዲ ቅር አለው። «መምህር፣ መንገድ ላይ ምን ይሉናል?» አለኝ። «እውነቱን እንነግራቸዋለን» አልኩት።

ማሽኑን ልናመጣ በሄድንበት ጉዞ ለደገሀቡር አንድ ትምህርት ቤት የሚሆን ሁለት ካርቶን እርሳስ ከኮሌጁ ሰዎች አዋጥቼ ይዤ ነበር። ትምህርት ቤቱ ዝግ ሆኖ አገኘነው። ካርቶኖቹን መልሰን ጫንን። በላያቸው ላይ ማሽኑን በጆንያ አድርገን አጋደምነው። የአደር ኑር ሚስት፣ እግዜር ይስጣት፣ ጠረጴዛው ላይ ያገኘችውን ሁሉ ጆንያው ውስጥ ጨምራልን ነበር።

ኬላው ጋ ስንደርስ ከሰዓት በኋላ የሚሰገደው የአስር ሶላት ሰዓት ነበር። አብዲ መኪናውን አቆመና ከኋላ ምንጣፉን አንጥፎ መስገድ ጀመረ። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሴትዮ በላስቲክ ጥላ ሥር ሻይ ትሸጣለች። ኤዶ ፋዱማ ይሏታል፤ ኤዶ አክስት እንደማለት ነው። አንድ ወጣት ፖሊስ ወደ እኔ መጣ።

«ምን ጭነሃል?»

«እርሳስ» አልኩት።

«ምን?»

«እርሳስ። ሁለት ካርቶን። ለተማሪዎች።»

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «ረሳስ?»

ቃሉን በትክክል መጥራት ያቃተው መሰለኝ። አስተማሪ ነኝና ለደካማ ተማሪ እንደምደግመው ጮክ አድርጌ ደገምኩለት። «አዎ! እ-ር-ሳ-ስ።»

መሣሪያው ከትከሻው ወረደ። እጄ ወደ ላይ ወጣ፤ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። አብዲ ሶላቱን ጨርሶ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሰላምታ ሰጥቶ ሲዞር፣ ያየው እኔን እጆቼን አንስቼ ቆሜ ነው። ምንጣፉን እንኳ አላጠፈም። ቀስ ብሎ መጥቶ ሁለት እጁን የመኪናው ኮፈን ላይ አስቀመጠ።

ወጣቱ ተጣራ። ከድንኳኑ የኬላው ኃላፊ ወጣ፤ ወፍራም፣ እርጋታ ያለው ሳጅን ነው። አማርኛው ከእኔ ተማሪዎች አማርኛ ይሻላል።

«ጥይት ለተማሪዎች የምታከፋፍለው አንተ ነህ?» አለኝ።

«የምን ጥይት?»

«ለልጁ ነግረኸዋል። ሁለት ጊዜ። ጮኸህ።»

«እርሳስ ነው ያልኩት!»

«እኮ! በኛ ቋንቋ ረሳስ ምንድን ነው?»

አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ ዓመት እዚያ አገር ኖሬ፣ በሶማልኛ ረሳስ ጥይት መሆኑን አላውቅም ነበር።

ካርቶኑ ተከፈተ። ቢጫ እርሳስ፣ በደርዘን በደርዘን የታሰረ። ወጣቱ ፖሊስ አንዱን አንስቶ አሸተተው። ሳጅኑ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ኤዶ ፋዱማ ከማዶ ምን እንደተፈጠረ ጮኻ ጠየቀች፤ ሲነግሯት ጭኗን እየመታች ሳቀች። ሳጅኑ አንድ እርሳስ መዝዞ ጆሮው ላይ ሰካ።

«ይቺ ለምርመራ ትቀራለች» አለ። ሁላችንም ሳቅን። አብዲ እንኳ ፈገግ አለ። እዚያ ላይ አፌን ዘግቼ ብሄድ ኖሮ ይህን የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

«ጆንያውስ?» አለ ሳጅኑ፣ ለመጠየቅ ያህል።

«ኦ፣ እሱ ብርቅ ነገር ነው!» አልኩ።

ጆንያውን ራሴ ፈታሁት። ሰዎቹ ስለሳቁልኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ክፍል ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። «ይህ፣ ሳጅን፣ በመሠረቱ የጥይት መሙያ ማሽን ነው» ብዬ ጀመርኩ። ፒስተኑን አሳየሁት። እጀታውን ስቤ ጉልበቱ የት ላይ እንደሚበረታ አስረዳሁት። ከፒስተኑ አናት ላይ ጣቴን አድርጌ፣ «ባዶው ቀለህ የሚቆመው እዚህ ነው፤ ፎርማው ከላይ ሲቀበለው ወደ ቅርጹ ይመለሳል» አልኩት።

«መምህር፣ በቃ» አለ አብዲ በዝግታ።

«ቆይ አብዲ፣ ዋናውን አልነገርኩትም።»

«ይናገር» አለ ሳጅኑ። ሳቁ ፊቱ ላይ የለም። «እኔ መማር እወዳለሁ።»

እሱ ጆንያውን ሲያገላብጥ አንድ ጣሳ ወጣ። ነቀነቀው፤ ተንኳኳ። ሲከፍተው አሮጌ የነሐስ ቀለሆች። ፈረንጁ ከማሽኑ ጋር የተዋቸው፣ አደር ኑር በእነርሱ ምን ሊሠራ እንዳሰበ እግዜር ይወቅ። አንዱን አንስቶ፣ ገና አሁን ያስተማርኩት ቦታ ላይ፣ ፒስተኑ አናት ላይ አቆመው። ልክ ገባ።

«ጎበዝ አስተማሪ ነህ» አለኝ። «ወዲያው ገባኝ።»

አብዲ አፉን የከፈተው ያኔ ነው። አጎቱ ብር አንጥረኛ እንደነበረ፣ ማሽኑ ብር ብቻ እንደሠራ ተናገረ። ሳጅኑ በትዕግሥት ሰማው። ከዚያ፣ «ጓደኛህ ግን የጥይት ነው ይላል። ጓደኛህ የተማረ ነው» አለው። ከከተማ መኪና እስኪመጣ እንድንቆይ፣ ነገሩም እዚያ እንዲጣራ ነገረን። በጨዋ ደንብ ነው የተናገረው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የቀረበለትን የሰማ ሰው ነው።

በድንኳኑ ጥላ ተቀመጥን። ስለ መብት፣ ስለ አዲሱ ዘመን አንድ ነገር ማውራት ጀመርኩ። አብዲ አቋረጠኝ።

«አንተን ይለቁሃል» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «ኮሌጁ ይደውልልሃል። አንተም ወጥተህ ትጽፍበታለህ። መኪናው የኔ ነው። ማሽኑ የአጎቴ ነው። ስሜ ደግሞ ያኔ አንድ ቦታ ተጽፏል፤ ማን እንዳጠፋው አላውቅም።»

«ዘመኑ ተቀይሯል እኮ አብዲ።»

«ወላሂ፣ እኔም እንደዚያ ነው ለሚስቴ የምነግራት።»

ላቦት ከአንገቱ ሲወርድ አየሁ፤ ነፋስ እየነፈሰ ነበር።

ከማዶ ኤዶ ፋዱማ ትጮሃለች። ማሽኑ ከጆንያው ከወጣ ጀምሮ ጸጥ አላለችም። «ሂርሲ! ዋ ሂርሲ!» እያለች ወደ እኛ እጇን ትወረውራለች። ሂርሲ የሚባሉ ሁለት ተማሪዎች ነበሩኝ። ስለዚህ ሂርሲ የሚባል ሰው የምትጠራ መሰለኝ፤ ምናልባት ልጇን፣ ምናልባትም ከእኛ የባሰ ፖሊስ።

«ይህ ሂርሲ የሚሉት ሰውዬ ለምን አይመጣላትም?» አልኩ በንዴት።

አብዲ ቀና ብሎ አየኝ። በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሆኖ እንኳ ከንፈሩ ሊስቅ ሞከረ።

«ሂርሲ ሰው አይደለም መምህር። የሰውም ስም ነው፤ ግን እሷ የምትለው ክታብ ነው። ክታብ የሚገባበት የብር ቱቦ። አደር ኑር የሚሠራው እሱን ነበር። ‹ይሄ የሂርሲ ማሽን ነው፣ የኔም እዚህ ነው የተሠራው› ነው የምትላቸው።»

«ታዲያ ለምን አይሰሟትም?»

ሳጅኑ ከድንኳኑ በር ላይ ሆኖ ሰማን። «እንሰማታለን» አለ። «ኤዶ ሻይ ለሚጠጣላት ሁሉ ትመሰክራለች። ባለፈው ጫማ ሌባ አስለቅቃብኛለች።»

ወደ እሷ አየሁ። አንገቷ ላይ፣ ከሻሿ ሥር፣ ጣት የሚያህል የብር ቱቦ ተንጠልጥሏል። ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ሳይሆን ያነበብኩትን ተጠቀምኩ።

ፎርማ በውስጡ በሚያልፍ ነገር ሁሉ ላይ ይጽፋል። ቀለበቱ ውስጥ ጭረት ካለ፣ በውስጡ የተገፋ ብር በሙሉ ያንን ጭረት ይዞ ነው የሚወጣው፤ ሁልጊዜም እዚያው ቦታ። የአደር ኑር ቀለበት በእጅ የተሞረደ ነው። በእጅ የተሞረደ ነገር ጭረት አያጣም።

«ሳጅን» አልኩት፣ «አላስረዳህም። አንድ ነገር ብቻ እንድታይ ልለምንህ። ሳሙና አለህ?»

«ልትታጠብ ነው?»

«ማሽኑን ልጠይቀው ነው።»

ወጣቱ ፖሊስ የልብስ ሳሙና አመጣ። በቢላዋ ድቡልቡል አድርጌ ቀረጽኩት። ማሽኑን የድንኳኑ ወንበር ላይ አቁመን አብዲ በሁለት እጁ አጥብቆ ያዘልኝ። አደር ኑር ብሩን የሚገፋበት ዘንግ ጆንያው ውስጥ ነበር፤ ፒስተኑ ላይ ገጠምኩትና ሳሙናውን ከላዩ አቆምኩ። «አንተ ሳበው» አልኩት ሳጅኑን። እኔ ብስበው አያምነኝም።

ሳበው። መጀመሪያ ፈጠነ፣ ከዚያ ዘገየ፣ ከዚያ ሳሙናው በቀለበቱ ውስጥ አልፎ ወደ ላይ ብቅ አለ። ለስላሳ፣ ክብ፣ እንደ ጣት። በጎኑ ላይ ከታች እስከ ላይ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች፤ አንዱ ወፈር ያለ፣ አንዱ ፀጉር የሚያህል፣ ጎን ለጎን።

ኤዶ ፋዱማ መንገዱን አቋርጣ መጥታ ነበር። ክሩን በራሷ ላይ አውጥታ ቱቦውን ለሳጅኑ ሰጠችው። እሱ ሁለት ጊዜ አገላበጠው። ወደ ብርሃን አወጣው። ጥፍሩን በብሩ ላይ አሄደ፣ ከዚያ በሳሙናው ላይ።

ሁለት መስመር። አንዱ ወፈር ያለ፣ አንዱ ፀጉር የሚያህል።

«የእናቴም እንዲህ ነው» አለ ሳጅኑ በመጨረሻ፣ ለራሱ እንደሚናገር። «ልጅ ሆኜ እሱን በጥፍሬ እየጫርኩ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። የተሰነጠቀ ይመስለኝ ነበር።»

ኤዶ ፋዱማ በሶማልኛ አንድ ነገር አለችው፤ ረጅም፣ የተሳለ። ፖሊሶቹ ሁሉ ወደ መሬት አዩ። አብዲን ምን እንዳለችው ጠየቅኩት።

«‹ከጠዋት ጀምሮ የምነግርህን ከሳሙና ሰማኸው› ነው ያለችው።»

«ጠዋት አልነበረም እኮ።»

«መምህር፣ እባክህ።»

ሳጅኑ ፍርዱን ሰጠ። ቀለሆቹና ፒስተኑ አናት ላይ ቀለህ የሚይዘው ቁራጭ እሱ ዘንድ ይቀራሉ፤ እሱ ያስረክባል። ብረቱ ግን ወደ ጅግጅጋ አያልፍም። «እዚያ ማንም አያውቀውም። በየቦታው አንድ መምህር ያስረዳበታል» አለ፣ ወደ እኔ ሳያይ። «ወደ ቤቱ ይመለስ፤ ደገሀቡር ሁሉ ያውቀዋል።» ከዚያ ለአብዲ ብቻ በሶማልኛ የሆነ ነገር ነገረው። አብዲ እጁን ከብረቱ ላይ አነሳ።

ማሽኑን ኤዶ ፋዱማ ጥላ ሥር አስቀመጥነው፤ አብዲ በሚቀጥለው ጉዞው ሊወስደው። ተነሳን። ኬላው ከኋላችን ጠፋ። ጥቂት እንደሄድን አብዲ መኪናውን ዳር አስያዘ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ትከሻው ይናጥ ጀመር። የሚያለቅስ መሰለኝ። ቀና ሲል እያለቀሰም እየሳቀም ነበር።

«እ-ር-ሳ-ስ!» አለ፣ እንደ እኔ አፉን ከፍቶ። «ጮኸህ እኮ ነው የነገርከው! ጮኸህ!»

እኔም ያዘኝ። ሁለት ጎልማሶች ከመንገድ ዳር፣ ግመሎች እያዩን፣ እስኪያመን ሳቅን።

«መጨረሻ ላይ ምን አለህ?» አልኩት፣ ትንፋሽ ሳገኝ።

«ስሜን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ‹አልጻፍኩትም› አለኝ።»

ከዚያ በኋላ እስከ ጅግጅጋ ድረስ በዝግታ ነዳ። ነፋሱ በመስኮቱ ይገባ ነበር። ያን ያህል ቀሎኝ አያውቅም።

አሁን ማሽኑ ደገሀቡር፣ የድሮው ጠረጴዛው ላይ፣ በድሮው ቡሎኑ ታስሯል። የአደር ኑር ሴት ልጅ ትሠራበታለች። የመጀመሪያ ሥራዋ የሳጅኑ እናት ክታብ የጠፋበትን ክዳን መተካት ነበር። ቀለበቱን በአዲስ ልትቀይረው አስባ፣ ደንበኞቹ እምቢ አሏት አሉ፤ ያለ ሁለቱ መስመር የማን ሥራ እንደሆነ በምን ይታወቃል?

የእኔ መደርደሪያ ባዶ ነው። ሶማልኛ እየተማርኩ ነው፤ በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ምላስ። የሚያስተምረኝ አብዲ ነው፣ መኪናው ውስጥ። አስቂኝ ስህተት ስሠራ ሁለት እጁን መሪው አናት ላይ ያስቀምጥና በፍርሃት ያየኛል። ያኔ የማይቀለድበት ነገር ነበር። አሁን ቀልዳችን ነው። እኔ በዚያ ቀን ያተረፍኩት ይህን ነው፤ ከዚህ የበለጠ ትርፍ ከመጽሐፍ አላገኘሁም።

ብዙ ያነበበ ሰው ነገር የሚገባው ይመስለዋል። እኔ የማሽኑ እያንዳንዱ ቁራጭ ገብቶኝ ነበር። ያልገባኝ፣ ስለ ማሽኑ እውነቱን ከአፍንጫዬ ሥር እየጮኸች የምትነግረኝ ሴትዮ ነበረች። እሷን ለመስማት ያስፈለገኝ አንድ ቃል ነበር፤ ያን ቃል፣ ሂርሲን፣ ደግሞ ክፍል ውስጥ የተማሪ ስም ስጠራ በየቀኑ ስጠራው ኖሬያለሁ።

እናንተም ይህን የምታነቡት፣ ቋንቋውን የማታውቁት ጎረቤት አላችሁ፤ የለንም አትበሉኝ። ምክር አልሰጣችሁም፣ ስለ መቻቻልም አልሰብክም። ይህን አስቀምጡና ውጡ። ሄዳችሁ በየቀኑ ከምትናገሩት አንድ ቃል በእሱ ጆሮ ምን እንደሆነ ጠይቁት። ዛሬውኑ፤ ኬላው ጋ ሳትደርሱ።